ሐምሌ ላይ የተሰቀለው ደወል

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የቡና ለቀማው በጠናበት ሰሞን፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነዋሪ በሆኑ ሁሉ ላይ የሚከተለው ሆነ፤ መብራት ጠፋ።

የተደነቀ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ማሽኑን አስቀመጠና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ሆቴሎቹ ጄኔሬተሮቻቸውን ቀሰቀሱ። ከሆቴሎቹ ከአንዱ ጀርባ፣ ሁለት የፓፓያ ዛፎች በበቀሉበት ቪላ ግቢ ውስጥ የሚሠራው «ጮራ የገበያ መረጃ» የተባለው ድርጅትም የራሱን አስነሣ፤ የዚያን ቀን ከክልል እንግዶች ይጠበቁ ነበርና። እንግዶቹ መጡ። ንግግር ተደረገ፤ ለስላሳ ተጠጣ፤ ተጨበጨበ፤ ሄዱ። መብራት ሲመለስ ዘበኛው ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ በጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ሄዶ በሩን ቢከፍት፣ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ፍፁም ከበሩ ሥር ተደፍቶ ሞቷል።

በማግስቱ ኮማንደር ታምሩ ኢንስፔክተር ሙሉጌጥን አስጠራት። ሙሉጌጥ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ሰው ሲዋሽ ራሷን እየነቀነቀች የምታዳምጥ ሴት ናት። ዋሾዎች ስለዚህ ይወዷታል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ኮማንደሩ። «ጭስ ባለበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። አጣርተሻል፣ ጽፈሻል፣ እኔም እፈርማለሁ።»

«ሐኪሙ ሁለቱም እጆቹ ተላልጠዋል ይላል፣ ጌታዬ።»

«ሲወድቅ ነዋ።»

«በፊቱ ነው የወደቀው። የተላላጠው ደግሞ የእጁ ጠርዝ ነው፤ በዚህ በኩል» አለችና ጠረጴዛውን በቡጢዋ ጎን ቀስ አድርጋ መታችው። «ሰው በር ሲደበድብ እንደዚህ ነው።»

ኮማንደሩ ጠረጴዛውን ተመለከተ። «ሙሉጌጥ፣ እንግዶቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስማቸው ሬሳ ባለበት ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የሚፈልግ አለ? እስከ ነገ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሙሉጌጥ ራሷን ነቀነቀች። ሐዋሳ ላይ እያደር ሲጠራ ያየችው ንጋቱን ብቻ ነበር።

ከቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴት ተቀምጠዋል። የፍፁም እናት ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው። ሙሉጌጥን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ።

«ይቀመጡ እናቴ።»

«ልጄ፣ የነፍስ አባቱን ጠየቅኋቸው። ‹ፖሊስ ራሱን ገደለ ካለ ፍትሐት የለውም፤ የቤተ ክርስቲያኑም ግቢ አይገባም፤ እኔም አዝናለሁ› አሉኝ። የሆስፒታሉ ሰዎች ደግሞ ‹ቶሎ ውሰዱት፤ መብራት እየጠፋ ማቀዝቀዣው አይሠራም› ይሉኛል።» ድምፃቸው የገበያ ወሬ የሚያወሩ ያህል ረጋ ያለ ነበር። «ወዴት ልውሰደው?»

«እስከ ነገ ይታገሡኝ።»

«ነገ ምን ይኖራል?»

ሙሉጌጥ ቦርሳዋን አነገተች። በቀጥታ ወደ ሐይቅ ዳር ሄደች።

* * *

የጮራ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። በየማለዳው አዲስ አበባ ካለ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የቡናን ዋጋ በስልክ መስመር ማምጣት፤ ያንን ዋጋ ግቢው በር ላይ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፤ ከቱላና ከዚያ ማዶ የሚመጣ ገበሬ አይቶት ነጋዴን እንዲከራከርበት። በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ድስት የሚያህል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የትምህርት ቤት ደወል ተሰቅሏል። አዲስ ዋጋ ሲመጣ ይጮኻል ተብሎ ለክልሉ በተላከው ሪፖርት ሁሉ የተመሰገነ ደወል ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መክብብ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ተቀበሏት። መብራት እንደገና ጠፍቶ ነበር።

«ልጁ የእኛ ዓይን ነበር፣ ኢንስፔክተር። ግን ሰሞኑን ተክዞ ነበር። ብቻውን ያወራል።»

«ምን ይላል?»

«አላዳመጥኩትም። ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«መብራት ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ እንግዶቹ እስኪመጡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዘበኛችን ጋሽ ሌዳሞ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ መጥቶ ከአጠገቤ አልተለየም። ጸሐፊያችን ብርቅዬም እዚያው ፊታችን ወንበር ላይ ቆማ ሰሌዳውን ትጽፍ ነበር። እንግዶቹ ገቡ፤ ደወሉ ጮኸ፤ ዋጋው መጣ፤ ሁሉም ደስ አላቸው።»

«ደወሉ ጮኸ።»

«እንዴታ። በየማለዳው ይጮኻል።»

ሙሉጌጥ ራሷን ነቀነቀች። ስትወጣ ከደወሉ ሥር ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ጠቅ አደረገችው። መብራት ስለሌለ ምንም አልሆነም።

ብርቅዬ ጣቶቿ በጠመኔ የነጡ፣ ስትናገር ወደ በር የምታይ ሴት ናት። ሰሌዳ ጸሐፊ፣ ጸሐፊና መስተንግዶ እሷው ናት።

«ደወሉ ጮኋል?»

«ጮኋል።»

«አንቺ የት ሆነሽ ሰማሽው?»

«አዳራሽ ውስጥ ለስላሳ እየቀዳሁ።»

«ሌላስ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ጄኔሬተሩ ነው እንጂ፤ የዚያን ቀን ያንኳኳ ነበር። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። አቶ መክብብ ‹ድምፅ ማጉያውን ጨምሩት› አሉ፤ ተጨመረ። የኮምፒውተር ክፍሏ ሊድያ ናት ለእንግዶቹ የምታስረዳው። ጎበዝ ናት። የአዳራሹን ካርታ ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ በሚሰቀለው ዘንግ ነበር የምትጠቁመው፤ ማክሰኞ ግን በእጇ ነው የጠቆመችው። ደንግጣ ይሆናል።»

ሙሉጌጥ ወደ አዳራሹ ገባች። ግድግዳው ላይ፣ ከካርታው ጎን፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ የዋንዛ ዘንግ በምስማር ተሰቅሏል። አውርዳ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። መሐሉ ላይ፣ በሁለት ቦታ፣ ቡናማ የዝገት ቀለበት ተስሎበታል፤ እንጨቱም በዚያ በዚያ ቦታ ተፈግፍጓል። ለብቻዋ ወደ ጓሮ ይዛው ሄደች። የቆርቆሮው ክፍል በር ላይ ቁልፍ የሚገባባቸው ሁለት የዛጉ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። ዘንጉን አስገባችው። ልክ ነው። በሩን ከውስጥ ሊገፋ የሚሞክር ሰው ቢኖር የሚፈገፈገው የትኛው ቦታ እንደሆነ ለማየት በሩን ትንሽ ነቀነቀችው። ከዚያ ዘንጉን መልሳ ሰቀለችና እጇን ታጠበች።

ዘበኛው ጋሽ ሌዳሞ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከአለታ ወንዶ ናቸው፤ አማርኛውን ሲናገሩ ቃል በቃል እየመረጡ ነው፣ እንደ ቡና ለቃሚ፣ ቀዩን ብቻ።

«ጋሽ ሌዳሞ፣ ጄኔሬተሩ ያንኳኳል ይሉኛል።»

«ማነው ያለው? እኔ ነኝ የምጠግነው። ያጨሳል እንጂ አያንኳኳም።»

«ማክሰኞ በሩን ዘግተውት ነበር?»

«እኔ አልዘጋም። ክፍት ነው የተውኩት፣ ድንጋይ አስደግፌ። ሲገባ አይቼዋለሁ ፍፁምን። ‹ጋሼ፣ ይሄን ነገር ላጠፋው ነው› አለኝ። ‹እንግዳ እየመጣ?› ስለው ‹ለዚህ ነው› አለኝ። አቶ መክብብ ጠሩኝ፤ ወደ በር ሄድኩ። ጄኔሬተሩ ግን አልጠፋም፤ ማጥፊያው እልከኛ ነው፣ ከእኔ ሌላ ለማንም አይታዘዝም። ሐሳቡን ለወጠ ብዬ።»

«ተመልሶ ሲወጣስ አዩት?»

አላዩትም። «ደወል ግን ጮኋል» አሉ፣ ያልተጠየቁትን።

«እርስዎ ቡና አለዎት?»

«ትንሽ አለ፣ ወንድሜ ጋ።»

«ዘንድሮ ሸጡት?»

«ሸጥነው። ሰሌዳው ላይ ባለው ዋጋ» አሉና ወደ ሰሌዳው ሳያዩ ወደ አስፋልቱ አዩ።

* * *

ሊድያ የፍፁም ምክትል ናት፤ ወጣት፣ ዓይኖቿ ያበጡ፣ ነገር ግን ፀጉሯን በደንብ የያዘች። መብራት ተመልሶ ስለነበር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት።

«ኮምፒውተር ያውቃሉ፣ ኢንስፔክተር?»

«ማብራት አውቃለሁ። የሚያጠፋልኝ ልጄ ነው። ማክሰኞን ንገሪኝ።»

«እንግዶቹ ከገቡበት እስኪወጡ ድረስ ፊታቸው ቆሜ ነበር። መሐል ላይ ደወሉ ጮኸ። በአዳራሹ በር በኩል ፍፁም ከኮምፒውተር ክፍሉ ወጥቶ፣ ከደወሉ ሥር ያለውን ማጥፊያ ተጭኖ ሲያጠፋው አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«ደወሉ እንዴት ነው የሚያውቀው፣ አዲስ ዋጋ መምጣቱን?»

ሊድያ ይህን ጥያቄ ወደደችው። ከማክሰኞ ወዲህ ስለ ሞት ያልተጠየቀችበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«እኛ አዲስ አበባ ያለውን ኮምፒውተር ‹ዋጋ ስጠኝ› ብለን እንጠይቃለን፤ መብራት ካለ ኮምፒውተራችን በየሰዓቱ ራሱም ይጠይቃል። የሚያመላልስልን ላይብረሪ የሚባል፣ ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት ፕሮግራም ነው። መልሱ ሲመጣ ዋጋው ብቻውን አይመጣም። ከፊት ከፊቱ ራስጌ የሚባሉ መስመሮች ይመጣሉ። ዋጋው አይደሉም፤ ስለ ዋጋው የሚናገሩ ናቸው። መቼ ተላከ፣ ምን ያህል ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው መቼ ነው…»

«ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ የመጣውን ሰው ማንነት እንደሚናገረው።»

«እንደዚያ። ብዙ ሰው ራስጌውን አያየውም፤ ዋጋውን ይወስዳል ያልፋል። ፍፁም ግን ለላይብረሪው የራሱን ፋንክሽን፣ ትንሽ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፣ ሰጠው። ‹የራስጌ መስመር በደረሰህ ቁጥር ይህን ጥራ› አለው። ኮልባክ ይባላል። መንገድ ለሚሄድ ሰው ‹ስትደርስ ሚስኮል አድርግልኝ› እንል የለ?»

«እንላለን። አያደርጉም እንጂ።»

«ላይብረሪው ያደርጋል። በየመስመሩ ይጠራል። የፍፁም ፋንክሽን ‹ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው› የሚለው መስመር እስኪደርስ ይጠብቃል። ቀኑ ካለፈው የበለጠ አዲስ ከሆነ ደወሉን ያስጮኸዋል። አሮጌ ከሆነ ዝም።»

«የተጠራው ፋንክሽንስ፣ መልስ አይሰጥም?»

ሊድያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ይሰጣል። ‹የሰጠኸኝን ያህል ተቀብያለሁ› ብሎ መጠኑን ለላይብረሪው ይነግረዋል።»

«ባይነግረውስ?»

«ላይብረሪው ችግር አለ ብሎ ያቋርጣል። ዋጋው አይመጣም።»

«ጥንቁቅ ነው» አለች ሙሉጌጥ። «እኛ ቢሮ እንደዚህ ያለ የለንም። እስቲ አሁን ጠይቂልኝ።»

«ኔትወርክ የለም።»

«እጠብቃለሁ።»

መጠበቅ ሙያዋ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ሊድያ ብዙ ከተቁነጠነጠች በኋላ ቁልፉን ተጫነች። የስልክ መስመሩ አቃሰተ። መስመሮች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ፤ አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ዋጋ አልመጣም።

«ተቋረጠ» አለች ሊድያ። «ኔትወርኩ ነው።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። መስመሮቹ ወረዱና እዚያው ቆሙ። ሦስተኛም፣ እዚያው። ሙሉጌጥ መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካችው።

«እዚህ ጋ ጁን ይላል። ጁን የኛ ሰኔ ነው አይደል?»

«ነው» አለች ሊድያ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ።

«ደወሉን የሰቀለው መቼ ነው?»

«ሐምሌ ላይ።»

«ሲሰቅለው ሞክሮት ነበር?»

«መብራት አልነበረም» አለች። ከዚያ የተናገረችው ገባትና ኮምፒውተሩን ማየት ጀመረች።

ሙሉጌጥ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አዲስ አበባ ወዳለው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለች። ብዙ ካስጠበቋት በኋላ አንድ የደከመው ድምፅ አነሣው።

«የቡና ዋጋው? ከሐዋሳ ነው የምትደውይው? ሐዋሳ ይጠቀምበታል እንዴ?»

«ሰኔ ላይ ቆሟል።»

«የሚቀይረው ልጅ ሰኔ ላይ ለሥልጠና ሄዶ እዚያው ቀረ። ደውሎ የነገረን የለም እኮ። እናንተ የመጀመሪያዎች ናችሁ። እስቲ ነገ አየዋለሁ።»

ስልኩን አስቀመጠች። አምስት ወር ሙሉ አንድ የስልክ ጥሪ የጎደለው ነበር። ግን ‹በየማለዳው ይጮኻል› ብሎ ሪፖርት የላከ ሰው፣ አልጮኸም ብሎ አይደውልም።

* * *

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሁሉም በጮራ አዳራሽ ተሰበሰቡ። መብራት ነበረ። አቶ መክብብ ከካርታው ሥር፣ ሊድያ ከአጠገባቸው፣ ብርቅዬ ከበሩ ጎን፣ ጋሽ ሌዳሞ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ። ኮማንደር ታምሩ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። ወይዘሮ እታፈራሁ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። ሊያስወጣቸው የደፈረ አልነበረም።

«ባጭሩ ይሁን» አለ ኮማንደሩ።

«ባጭሩ ነው፣ ጌታዬ። ፍፁም መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየው? ጋሽ ሌዳሞ እንግዶቹ ሳይመጡ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ሲገባ አይተውታል። ሊድያ ደግሞ እንግዶቹ ከመጡ በኋላ ደወሉን ሲያጠፋ አየሁት ትላለች። የሊድያ ቃል እውነት ከሆነ፣ አራታችሁም እንግዶቹ ፊት ስለነበራችሁ በሩን ማንም ሊዘጋበት አይችልም፤ ራሱ ነው የዘጋው። ሁሉም ነገር ደወሉ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ደወሉ ጮኋል» አሉ አቶ መክብብ።

«አልጮኸም። ደወሉ የሚጮኸው አዲስ አበባ ያለው ዋጋ የተለወጠ እንደሆነ ነው። ዋጋውን ትናንት አስጠየቅሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው ሰኔ ላይ ነው ይላል ራስጌው። ትናንት ‹ከሰኔ ወዲህ አልተለወጥኩም› ያለ ነገር ማክሰኞ ተለውጦ አያውቅም። ደወሉ የተሰቀለው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ማክሰኞ ብቻ ሳይሆን፣ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልጮኸም።»

ብርቅዬ ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ብርቅዬ፣ ከሰኔ ጀምሮ ምን ስትጽፊ ነበር?»

«የመጣውን» አለች። «አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቀን ሳንቲሟን ከፍ ዝቅ አደርጋት ነበር፤ ሰዎቹ እንዳይሰለቹ።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ ምንም አልመጣም። ሊድያ ‹የትናንቱን ጻፊ› አለችኝ።»

«ይህ ነው ሁለተኛው ነገር» አለች ሙሉጌጥ። «ትናንት ሦስት ጊዜ አስጠየቅሁ፤ ሦስቴም ተቋረጠ። ሊድያ ኔትወርክ ነው አለችኝ። ኔትወርክ ሲቋረጥ እንደ ሚኒባስ ነው፤ የትም ይቆማል። ይሄኛው ግን ኬላ እንዳለበት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ቀኑ የተጻፈበት መስመር ላይ። ሰኞ የመጣው ማክሰኞ ከቀረ፣ ፍፁም በመሐሉ ፋንክሽኑን ለውጦታል። አሮጌ ቀን ሲያይ ‹ተቀብያለሁ› ማለቱን አስተወው። ላይብረሪውም ያቋርጣል። የሰኔን ዋጋ በኅዳር አላሳልፍም ማለቱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይህን አንብቦ ሊረዳ የሚችል፣ ከእሱ ሌላ፣ አንድ ሰው ነበር።»

ሊድያ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጄኔሬተሩንም ሊያጠፋው ሄደ። ኮምፒውተር ከሌለ እንግዶቹ የሚያዩት ውሸት የለም። በዚያ ሰዓት አቶ መክብብ፣ ጋሽ ሌዳሞና ብርቅዬ በር ላይ ይተያዩ ነበር። ሊድያ ብቻዋን ውስጥ ነበረች። የጄኔሬተሩ በር ቁልፍ የለውም፤ ሁለት ቀለበት አለው። ያ ዘንግ ልክ ይገባበታል። የዝገቱ ምልክት መሐሉ ላይ አለ። ለዚህ ነው ማክሰኞ ካርታውን በእጅሽ የጠቆምሽው። ዘንጉ ሥራ ላይ ነበር።»

«እንግዶቹ እስኪሄዱ…» አለች ሊድያና አቆመች።

«አውቃለሁ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ዝም እንዲል ነው። እንዲሞት አልነበረም። ግን እልከኛው ማጥፊያ እምቢ አለው፤ ንግግሩም ረዘመ። ስትከፍቺው ከበሩ ሥር ወድቋል። በሩን ገጥመሽ ዘንጉን መልሰሽ ሰቀልሽ። ብርቅዬ የሰማችው ማንኳኳት የጄኔሬተር አይደለም፤ ጋሽ ሌዳሞ ጄኔሬተሩ አያንኳኳም ብለዋል። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቶታል። መልሱ ድምፅ ማጉያውን መጨመር ሆነ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

«አራታችሁም ‹ደወሉ ጮኋል› አላችሁኝ» አለች ሙሉጌጥ። «ሦስታችሁ ለእንጀራችሁ ነው። ለእንጀራው የሚዋሽ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይዋሻል፤ ጮኋል፣ አለቀ። ከዚያ በላይ የጨመረች አንድ ናት። ወጥቶ ሲያጠፋው አይቻለሁ አለች። ያልጮኸ ደወል የሚያጠፋ ሰው አይኖርም።»

ከዚያ አቶ መክብብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኮማንደር፣ ኢንስፔክተሯ ብዙ ደክመዋል። እኔ ግን ደወሉን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየቀኑ የምሰማውን ድምፅ አልስትም። ብርቅዬ?»

ብርቅዬ ወደ በሩ አየች። ሁለት ልጆች አሏት። «ጮኋል» አለች።

«ጋሽ ሌዳሞ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አዞሩት። ለወንድማቸው ቤት ‹ሰሌዳውን እመኑት› ያሉት እሳቸው ነበሩ። «ጮኋል» አሉ፣ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ሳያዩ።

«እኔም» አለች ሊድያ።

«አራት ምስክር» አለ ኮማንደሩ፣ እፎይ ብሎ። «እንግዶቹም ደወሉ ስለ መጮኹ ሪፖርታቸው ላይ ጽፈዋል። አንቺ ያለሽ አንድ የፈረንጅ መስመርና አንድ እንጨት ነው።» ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ዞሮም፣ «እግዚአብሔር ያጥናዎት እናቴ» አለ።

እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለመነሣት ግድግዳውን ያዙ። ሙሉጌጥ ልትደግፋቸው ተራመደች።

በዚያን ጊዜ በረንዳው ላይ አንድ ነገር ጮኸ።

የዛገና ወፍራም ድምፅ ነበር፤ መስኮቶቹን አንቀጠቀጣቸው። አቶ መክብብ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው፣ «ምንድነው እሱ?» አሉ። ብርቅዬ ደረቷን ይዛ፣ «ሆቴሉ እሳት ተነሣ እንዴ?» አለች። ኮማንደሩ ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣና አየው። ጋሽ ሌዳሞ ኮፍያቸውን ደፍተው በሩጫ ወጡ፤ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። በር ላይ ማንም አልነበረም።

«የልጄ ነው» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «ሲሰቅለው ነግሮኛል። ‹እማዬ፣ አንድ ቀን ሲጮህ ትሰሚዋለሽ› ብሎኛል።»

አቶ መክብብ ግማሽ እንደተነሡ ቀሩ። ብርቅዬ እጇን ከደረቷ አላወረደችም። ማንም ማንንም አላየም።

ድምፁ አልቆመም፤ አዲስ አበባ ላይ ‹ነገ አየዋለሁ› ያለው ሰው አይቶታል።

«ሊድያ» አለች ሙሉጌጥ፣ ቀስ ብላ፣ «አጥፊልን። ሲያጠፋው አይተሻል።»

ሊድያ ተነሣች። ሁሉም በተከፈተው በር ያዩዋታል። በረንዳው ላይ ከደወሉ ሥር ቆመች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጫነችው።

በጠራራ ፀሐይ የበረንዳው አምፖል በራ።

እንደገና ተጫነችው፤ አምፖሉ ጠፋ። እንደገና፤ በራ። ደወሉ ከራሷ በላይ እየጮኸ ነበር።